የዕለት ማስታወሻ አያያዝ ተግዳሮቶች፤ በአንድ የቦዲቲ መምህር አጀንዳ ተተኳሪነት

የጥናቱ ዳራ

ቦዲቲ ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን በዳሞት ጋሌ ወረዳ የታቀፈች የወላይታ ከተማ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ዳሞታ ተራራ ይታያል፤ ጓሮው እንሰት፣ ቦይናና አቮካዶ ነው። ይህ መረጃ ለጥናቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ነገር ግን የአካባቢውን መልክዓ ምድር ሳይገልጽ የቀረበ የጥናት ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ እንደሚመለስ አጥኚው በራሱ ከደረሰው ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ገልጾ ተገላግሏል።

ጥናቱ የሚያተኩረው መስከረም ሲጠባ በሚታይ አንድ ክስተት ላይ ነው፤ አጀንዳ ይታደላል። "አጀንዳ" ሲባል በስብሰባ ማብቂያ "ሌላ አጀንዳ ያለው?" ተብሎ የሚጠየቀው፣ ሰውም "የለም" እንዲባል የሚጸልይበት አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ቀይ የክር ምልክት የተንጠለጠለበት፣ በየገጹ ቀን የታተመበት፣ ግርጌው ላይ "ይቆጥቡ" የሚል ምክር ያለው ደብተር ነው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ለደንበኞቻቸው ይሰጡታል። እደላው የሒሳብ ደብተርን ክብደት ተከትሎ ስለሚወርድ መምህር ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፤ መምህር እጅ የሚገባው በጋብቻ ብቻ ነው። የዚህ ጥናት ተጠኚም የ2017ቱን አጀንዳ ያገኘው ባንክ ከሚሠራ የባለቤቱ ወንድም ነው። ሲቀበል "ዘንድሮ እንኳን በየቀኑ እጽፍበታለሁ" ብሏል። ንግግሩ በምስክር ፊት የተነገረ በመሆኑ ጥናቱን መጀመር ተችሏል።

የተጠኚዎች ብዛት አንድ ነው። አመራረጡ "አመቺ ናሙና" በሚባለው ዘዴ ሲሆን፣ ለአጥኚው ከራሱ ይበልጥ የሚያመች ሰው አልተገኘም። ተጠኚው አርባን የተሻገረ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ ሶዶ እየሄደ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። ማስተማሩም፣ መማሩም፣ አባትነቱም እያንዳንዳቸው ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ፤ ደመወዝ ያለው ግን አንዱ ነው፣ እሱም ቢሆን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

የጥናቱ ጠቀሜታ

ወደፊት ይገለጻል።

ተዛማጅ ጽሑፎች

ውሎን መዝግቦ ማቆየት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነበራቸው። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የሥራ ክፍፍሉ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ ምኒልክ አይደሉም። የሚውለው ሌላ፣ ውሎውን የሚጽፈው ሌላ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዘመቻ ተመልሰው፣ ልጅ አስጠንተው፣ ፈተና አርመው፣ ከዚያ ኩራዝ አስጠግተው "ዛሬ" ብለው ሲጀምሩ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። (በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ የተደረገው ዘመቻም በዚያው ዜና መዋዕል ውስጥ አለ። በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና በኩል ጸሐፌ ትእዛዝ ስላልነበረ የዚያኛው ወገን ውሎ በሽማግሌ አፍ ቀርቷል። እስክሪብቶ ማን እጅ እንደነበረ ማወቅ ለማንኛውም ጥናት ይጠቅማል፤ ለዚህኛውም ቆይቶ እንደሚታየው ጠቅሞታል።)

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃን የጀመሩት ራሳቸው ናቸው። ጊዜውን ያገኙት ግን አገሪቱ በጣሊያን ተይዛ እሳቸው ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በስደት ሲቀመጡ ነው። ነቢይ መኮንን ያን ነገም ሌላ ቀን ነው የተባለውን ወፍራም ልቦለድ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ከእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ተነሥቶ፣ ዙፋን መነጠቅ ወይም መታሰር ለጽሑፍ ሥራ አመቺ ሁኔታ ይፈጥራል ማለት ይቻላል። ተጠኚው ዙፋን የለውም። ሁለተኛውን አማራጭ በተመለከተ ባለቤቱ ሐሳብ እንድትሰጥ ተጠይቃ፣ "እስር ቤትም ብትገባ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ" ብላለች።

ከውጭ አገር ጸሐፊዎች ማርቆስ አውሬሊዮስ ይጠቀሳል። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ፣ ጦር ሜዳ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ልጅ ስላልነበረው ነው እንዳይባል ከአሥር በላይ ወልዷል። ይሁንና የክፍልፋይ መደመርን ለአንዳቸውም ሲያስረዳ ያመሸበት ቀን ስለመኖሩ በማስታወሻው ውስጥ የተጠቀሰ ነገር የለም።

ለተጠኚው ይበልጥ የሚቀርበው ሳሙኤል ፒፕስ ነው። ፒፕስ በለንደን የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ አለቃ ነበረበት፣ ስብሰባ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1660 ጀምሮ እስከ ሜይ 31 ቀን 1669 ድረስ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ከሚስቱ የተጣላበትን ሁሉ ጻፈ። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ወይኑንና የፓርሜዛን አይቡን ጉድጓድ ቆፍሮ እንደቀበረ ሳይቀር መዝግቧል። እሳት ከተማ ሲበላ አይብ የሚያድን ሰው ቦዲቲ ውስጥም አይጠፋም፤ እዚህ ቢሆን የሚቀበረው ዳጣው ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ፒፕስ ልጅ አልነበረውም፣ የቤት አገልጋዮች ነበሩት፣ የቅዳሜና እሑድ ትምህርትም አልተመዘገበም። ያቆመውም ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ፈርቶ ነው፤ ሳይጠፋ እስከ 1703 ኖረ። ሰው ለማቆም ምክንያት እንደማያጣ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ በወላይታ የዕለት ጽሑፍ ልማድ በጭራሽ የለም ማለት አይቻልም። ሚስዮናውያኑ በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ከገቡ ወዲህ በተስፋፋው አማኝ ዘንድ "ጥሞና" የሚባል ነገር አለ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ማንበብ፣ መጸለይ፣ ያገኙትን በደብተር ማስፈር። የተጠኚው አማት ይህንን ሲያደርጉ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር ጨርሰው ሌላ ይገዛሉ። እንዴት እንደቻሉ ሲጠየቁ "ሌሊት ማን ይጠራኛል?" ብለዋል። ልጆቻቸውን አሳድገው መጨረሳቸውን አጥኚው ያሰምርበታል።

ተጠኚው መጻፍ የሚያቅተው ሰው ስላለመሆኑ

አንድ የተሳሳተ ግምት አስቀድሞ መወገድ አለበት። ተጠኚው ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም በሙያው በየቀኑ ስላለፈና ስለሚመጣ ነገር ይጽፋል። መምህር ለእያንዳንዱ 40 ደቂቃ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ አለበት። መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 20 ደቂቃ፣ መልመጃ 10 ደቂቃ፣ ምዘና 5 ደቂቃ፤ የመምህሩ ተግባር በአንድ ዐምድ፣ የተማሪው ተግባር በሌላ። በመጨረሻ "አስተያየት" የሚል ባዶ ቦታ አለ። በዚህ ላይ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በአጭሩ "ተሙማ" አለ። መመሪያው በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ውጤቱ በፖርትፎሊዮ ይያዛል፤ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ደግሞ "ጽብረቃ" የሚባል ክፍል አለ፤ መምህሩ ውሎውን መለስ ብሎ እያየ ምን ተማርኩ ብሎ የሚጽፍበት። ይህ እንግዲህ ማርቆስ አውሬሊዮስ ያደረገው ነው፤ የማርቆስ ማኅተም አልነበረውም እንጂ።

ተጠኚው በዚህ ዘርፍ ያለው ብቃት ከፍ ያለ ነው። ሱፐርቪዥን ነገ ይመጣል ከተባለ፣ የሦስት ሳምንት ዕለታዊ ዕቅድ በአንድ የሻይ ዕረፍትና በአንድ ክፍት ክፍለ ጊዜ መጻፍ ይችላል፤ እስክሪብቶ እየቀያየረ፣ አንዳንዱን ቀን ሆን ብሎ ደብዘዝ አድርጎ። በአንዱ ቀን ጽብረቃ ላይ "ትምህርቱ በታቀደው መሠረት ተከናውኗል፤ ተማሪዎችም በንቃት ተሳትፈዋል" የሚል ይነበባል። አጥኚው ያን ቀን በአካል ስለነበረ ያስታውሰዋል። ከመግቢያው አምስት ደቂቃ በኋላ ዝናብ መጣ። የቆርቆሮ ጣራ ላይ የቦዲቲ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ምን እንዳለ ራሱም አይሰማም። 35 ደቂቃ ሁሉም ተቀምጦ ጣራውን አዳመጠ። በንቃት መሳተፋቸው ግን እውነት ነው፤ ከኋላ ወንበር ጉሮሮአቸውን ስለው ይዘፍኑ የነበሩ ነበሩ።

ማለትም ለመሥሪያ ቤት የሚጻፈው ማስታወሻ ሙሉና ያልተደረገ ሲሆን፣ ለራስ የሚጻፈው የተደረገና ባዶ ነው። ሁለቱን በአማካይ ቢወስዷቸው አንድ ተቀባይነት ያለው ሰነድ ይወጣቸው ነበር።

የአንድ ምሽት ምልከታ

ምልከታው የተካሄደው በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ስፍራው የምግብ ጠረጴዛ። ይህ ጠረጴዛ ምግብ ይበላበታል፣ ሆምወርክ ይሠራበታል፣ ልብስ ይተኮስበታል፣ ፈተና ይታረምበታል፣ አሳይመንት ይጻፍበታል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተራው የማን እንደሆነ የሚደነግግ ነገር የለም።

በመስኩ የሚጠቀሰው ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሙከራ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር እንዲጽፉ አድርጎ፣ በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ መመላለሳቸው መቀነሱን አሳይቷል። ተጠኚውም 15 ደቂቃ ተመድቦለታል።

3:05 ላይ አጀንዳው ተከፈተ። ቀዩ ክር ታኅሣሥ 26 ላይ ነበር። ተጠኚው ወደ ዕለቱ ገጽ ሄዶ "ዛሬ" ብሎ ጻፈ።

3:06 ላይ ሁለተኛው ልጅ "በአካባቢህ የሚገኙ አምስት ሙያዎችን ጥቀስ" የሚል ሆምወርክ ይዞ መጣ።

"አባዬ፣ አንተ ምንድን ነህ?"

"መምህር።"

"እሱንማ ጽፌዋለሁ። ሌላስ?"

"ተማሪ።"

"እሱ ሙያ ነው?"

ተጠኚው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ሐኪም፣ ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ሹፌር ተባለና አምስት ሞላ።

3:14 ላይ የሶዶው ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ተማሪ "አሳይመንቱ የሚገባው ቅዳሜ ነው ወይስ ነገ?" ሲል ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስምንት ደቂቃዎች የክፍሉ አባላት በሙሉ ይህንኑ ጥያቄ መልሰው ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም።

3:22 ላይ ከጓዳ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ "ውሃ መጣ!"

አንባቢ ይህ ሐረግ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ጀሪካን የሚይዝ እጅ ሁሉ ተሰለፈ፤ የተኛው ትንሹ ልጅም ተቀስቅሶ ክዳን ያዘ። 3:41 ላይ ተጠኚው እጅጌው ርሶ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። 3:42 ላይ መብራት ጠፋ። ባለቤቱ ሻማ አምጥታ አጀንዳው አጠገብ አቆመችለት። ተጠኚው በሻማው ብርሃን ሁለተኛውን ቃል ጻፈ። ከዚያ ግንባሩን ለጥቂት ጊዜ ክንዱ ላይ አሳረፈ። ምልከታው በዚህ ተጠናቀቀ።

የምሽቱ ውጤት እንዲህ ይነበባል፦ "ዛሬ ውሃ"

ሰዋስዋዊ ትንታኔ

አጥኚው ይህ ክፍል የጥናቱ ዋና አስተዋጽኦ ነው ብሎ ያምናል።

በአጀንዳው ውስጥ ተጠኚው አንድም ቃል ቢሆን ያሰፈረባቸው ገጾች 19 ናቸው። ከእነዚህ 12ቱ "ዛሬ" ብለው ይጀምራሉ፤ ከ12ቱ አንዱም ማሰሪያ ግስ የለውም። "ዛሬ ርዕሰ መምህሩ በስብሰባው ላይ ስለ እኔ" የሚል አለ። "ዛሬ ሶዶ ስሄድ ድንገት ያንን የድሮ" የሚል አለ። "ዛሬ ትልቋ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚል አለ፤ ይህኛው አጥኚውን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን? መጠየቅ ተሞክሯል፤ ልጅቷም አታስታውስም።

ችግሩ የቋንቋ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ወላይትኛም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ጠርቶ ወዲያው ግሱን ስለሚያስከትል፣ ፒፕስ ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ቢጠሩትም ቢያንስ መብላቱን ወይም መተኛቱን ተናግሮ ነው የሚነሣው። የእኛ ሰው ግን ጊዜውን ይናገራል፣ ቦታውን ይናገራል፣ አብሮት የነበረውን ይናገራል፣ ምክንያቱን ይናገራል፤ የሆነውን ሊናገር ሲል ውሃ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ግስ ላይ ለመድረስ ቢያንስ አራት ደቂቃ ያልተቋረጠ ጸጥታ ያስፈልገዋል። ልጅ ባለበት ቤት ይህ የሚገኘው ልጆቹ ሲተኙ ወይም የሆነ ነገር ሰብረው ሲደበቁ ነው።

በሌላ ሰዓትና ቦታ መጻፍም ተሞክሯል። ቅዳሜ ማለዳ ከቦዲቲ መናኸሪያ ወደ ሶዶ የሚሄደው ሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይጓዛል፤ እስኪሞላ የሚቆምበት ሰዓት ግን ከዚያ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለጽሑፍ ምቹ መስሎ ነበር። ሳይነሣ የተጻፈው የሚነበብ ሲሆን፣ ከተነሣ በኋላ የተጻፈው የልብ ምርመራ ወረቀት ይመስላል። ከዚያም አጠገብ የተቀመጡ ሰው አንገታቸውን ሰግገው ሲያነቡ ቆይተው "ይሄ ርዕሰ መምህር የቱ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሰውየው የርዕሰ መምህሩ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ሙከራው በዚሁ ቆመ።

የጅማሬዎች ጥናት

ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እንኳ ዓመት አንዴ እንደሚጀምር ያውቃል። ቦዲቲ ውስጥ ግን ይህ አይሠራም። መስከረም 1 አለ። ከዚያ ጊፋታ አለ፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ የሚውል፣ በ2017 መስከረም 19 የዋለው። ባንኩ በአጀንዳው ጥግ የፈረንጁንም ቀን ስለሚያትም ጃንዋሪ 1 ቢቀር አይቀርም፤ እሱ ታኅሣሥ 23 ነው። በመጨረሻም ሐምሌ 1 የመንግሥት በጀት ዓመት ይጀምራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነፍሱ የምታድሰው ያን ቀን ነው።

አራት አዲስ ዓመት ያለው ሰው አራት ጊዜ ያቅዳል ማለት ነው፤ አንዱ ሲከሽፍ ሌላው እየደረሰለት። የአጀንዳው ገጾች ይህን በትክክል ያሳያሉ። ከመስከረም 1 እስከ 9 ተጽፏል። ከዚያ ጸጥታ። ጊፋታ ሲከበር እጅ በቅቤና በዳጣ የተያዘ ስለነበር በማግስቱ፣ መስከረም 20 ተጀምሮ እስከ 24 ዘለቀ፤ የመስከረም 21 ገጽ ላይ የጣት ዐሻራ በቅቤ ታትሟል፣ ማንነቱ የማያጠራጥር ብቸኛው ፊርማ ይኸው ነው። ከዚያ ታኅሣሥ 23፣ እስከ 26። ሐምሌ 1 የጥናት ወረቀት ማስገቢያ ቀነ ገደብ ስለነበር አልተሞከረም።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚለውን ያስወራው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 መጽሐፍ ያሳተመ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። በኋላ ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ሰዎችን ተከታትለው ሲለኩ አማካዩ 66 ቀን፣ ዝቅተኛው 18፣ ከፍተኛው 254 ሆኖ ወጣ። አጥኚው ይህንን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር መልሶታል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው በ21ዱ ሕግ መስከረም 21፣ በአማካዩ ኅዳር 6፣ ቀስ የሚል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ግንቦት 14 ልማዱ ይያዘዋል። ኅዳር 6 ገደማ መምህር የሚያርመው የፈተና ወረቀት ከአልጋው ከፍ ብሎ የተከመረበት ጊዜ ነው። ግንቦት 14 ደግሞ አማካሪው "ምዕራፍ ሁለትን እንደገና" የሚልበት።

የፊደል ጉዳይ

በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ለፒፕስ ቀላል ነበር፤ ሌላ ሰው በቀላሉ በማያነባቸው አቋራጭ ምልክቶች ጻፈ። ተጠኚው ሥራ የሚጽፈው በአማርኛ፣ አሳይመንት በእንግሊዝኛ፣ የሚያስበውና የሚቆጣው በወላይትኛ ነው። የተጠኚው አባት ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዘመቻው ወላይትኛን በግዕዝ ፊደል ያስተምር ነበር። ተጠኚው በአማርኛ ተማረ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ባለቤቱና ልጆቹ በላቲኑ ፈጣን ናቸው፤ እሱ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። አንድ ቤት፣ ሦስት ትውልድ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል። በ1992 ዓ.ም. የትምህርት መጽሐፍ በምን ቋንቋ ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ወላይታ ውስጥ የሰው ሕይወት የጠፋበት ጥያቄ ስለሆነ፣ አጥኚው እዚህ ላይ አይቀልድም።

የአባትየው ማስታወሻ ደብተር በቤቱ ይገኛል። በሃያ ዓመት ውስጥ የተጻፈበት አምስት መስመር ነው። አንዷ ላም የወለደችበት ቀን ነው። ያ ጥጃ የተወለደው ከተጠኚው እኅት ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሆነ፣ የእኅትየው የልደት ካርድ የወጣው ከጥጃው ቀን ተቆጥሮ ነው። አምስቱም መስመሮች በግስ ያልቃሉ።

ያልተጠበቀ ግኝት

ጥናቱ ሊጠቃለል ሲል፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አጥኚው ባዶ ገጾችን ለመቁጠር አጀንዳውን ከመጨረሻው ጀምሮ ገለጠ። ጳጉሜን ተጽፎባታል። ነሐሴም ተጽፎበታል። ሐምሌም፣ ሰኔም። ጽሑፉ የተዘቀዘቀ ነበር፤ አንድ ሰው አጀንዳውን ገልብጦ ከኋላ ሽፋኑ ጀምሯል። ከዚያ በፊት ባለፉ ወራት አጥኚው ያንን ጽሑፍ አልፎ አልፎ አይቶት፣ በላቲን ፊደል ስለሆነ የልጆቹ የወላይትኛ ሆምወርክ መስሎት አልፎታል። ለሳይንስ ዓለም ይቅርታ ይጠይቃል።

የእጅ ጽሑፉ የባለቤቱ ነው። የታተመውን ቀን ችላ ብላ በራሷ ቀን ትጽፋለች፤ በቀን አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት። የመጀመሪያው የኅዳር ነው፤ እስከ ነሐሴ የዘለለችው ቀን ጥቂት ነው። ለጊፋታ የሚሆን የሴቶቹ የቅቤ እቁብ እዚያ አለ፤ ማን እንደሰጠች፣ ማን "በሚቀጥለው" እንዳለች። ትንሹ ያሳለው ሌሊት አለ። ለሶዶዋ እኅቷ የተላከው ዳጣ አለ። ትልቋ ልጅ፣ ያቺ ግስ ያጣችው፣ አለች፤ "ለብቻዋ ወፍጮ ቤት ሄደች። መልሱን በትክክል አመጣች።" አጥኚው ይህን ሲያነብ ቀኑን ከራሱ ገጽ ጋር አስተያየ፤ ያው ቀን ነው።

የጥር ወሩ ማክሰኞም ተገኘ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ውሃ መጣ። 6 ጀሪካን። ሻማ 2፣ ለአባታቸው ጽሑፍ።"

"ሻማ፣ ለአባታቸው ጽሑፍ" የሚለው ወጪ በዓመቱ ውስጥ በሌሎች ቀኖችም ተመዝግቧል። ተጠኚው ጻፍኩ ብሎ ከሚያስበው ገጽ ጋር ሲመሳከር፣ ሻማ ነዶ ምንም ያልተጻፈባቸው ምሽቶች እንዳሉ ታውቋል።

ግኝቱ ከባድ በመሆኑ አጥኚው በዚያው ምሽት ማእድ ቤት ድረስ ሄዶ ቃለ መጠይቅ አደረገ። መጠይቁ ስድስት ጥያቄዎች ነበሩት፤ መረጃ አቀባይዋ ለመጀመሪያው ("የዕለት ማስታወሻ ለመያዝ ያነሳሳሽ ምንድን ነው?") "እና በምን ልያዘው?" ስትል መልሳለች። ለሁለተኛው ጊዜውን ከየት አመጣሽ ሲባል፣ "አንተ ተኝተህ" ብላለች። ከሦስተኛው በኋላ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ከፊት በኩል ያለውን ባዶ ገጽ ትጽፍበት እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች፤ የእሷ ወደ ግንቦት እየደረሰ ነው። አጥኚው ጥናት ላይ ስላለ መነካት እንደሌለበት አስረዳ። ቀሪዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ ምክንያቱ በማግስቱ አጀንዳው ተገልብጦ ሲታይ ሰፍሮ ተገኝቷል፦

"አባታቸው ጥያቄ ጠየቀኝ። ሽንኩርቱ አረረ።"